የስልክ አውጫጭኝ

ደባርቅ ላይ ኮፒ ቤት የከፈተ ሰው ሳያስበው የአገሩን ጥያቄ ሁሉ ይሸከማል። የኔ ቤት ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም፤ ከመኪና የወረደ ሁሉ የጫማውን ጭቃ ደጃፌ ላይ አራግፎ ይገባና መታወቂያውን ኮፒ ከማስደረጉ በፊት ይጠይቀኛል። ይህ ማመልከቻ ወዴት ነው የሚገባው? የተማሪዎች ውጤት ወጣ ወይ? የፓርኩ ሰዎች ግጦሽ ከለከሉ የሚባለው እውነት ነው? የጎንደር መኪና ሄዷል? እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አንዱን ጥያቄ ደጋግሜ ስመልስ ፊቴ ይጠቁራል። እናቴ በሕይወት ሳለች "ይህ ፊትሽ ገበያ ይበትናል" ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው።

ስለዚህ ግሩፑን የከፈትሁት ለሕዝብ አስቤ አይደለም። ከጥያቄ ለመገላገል ነው።

በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ኢንተርኔት በስልክ መምጣት የጀመረበት፣ ተማሪው ሁሉ አቀርቅሮ የሚሄድበት ጊዜ ነው። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል፤ ሲመለስ የከተማው ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጮኻል። ፌስቡክ ላይ አንድ ግሩፕ ከፈትሁና "ይጠየቅ" ብዬ ሰየምሁት። የቸገረው ይጽፋል፣ የሚያውቅ ይመልሳል፣ እኔ አርፌ ኮፒዬን አነሣለሁ፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የመጡትም የገጠር ልጆች ነበሩና ሰላምታ ሳያበቁ ጥያቄ አይጽፉም። "እንደምን ሰነበታችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ፣ የእናንተ ናፍቆት ካልሆነ በስተቀር እኔ ደኅና ነኝ" እያሉ ይዘልቃሉ። ስልኩ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ አሳይቶ ሌላውን ይደብቀዋል። አንዱ በሬው ሆዱ ተነፍቶ ሊሞትበት ሲል የጻፈውን ሰው ሁሉ ሰላምታ መስሎት ላይክ እያደረገ አልፎታል። ከዚያ ወዲህ እኔው ጥያቄውን ከላይ፣ ሰላምታውን ከታች አድርጌ እንደገና እለጥፍላቸው ጀመር። የተቀየሙኝ ነበሩ።

ቀስ እያልሁ ግሩፕ እንዴት እንደሚያድግ ተማርሁ። በሱቄ በር ላይ በትልልቁ "የዛሬው ጥያቄ" ብዬ እጽፍና "መልሱ ግሩፑ ውስጥ አለ" እላለሁ፤ አላፊ አግዳሚው እየረገመኝም ቢሆን ይገባል። ዩኒቨርሲቲ የገቡት የዳባትና የደባርቅ ልጆች በየተማሪ ገጻቸው ሼር ያደርጉልኛል። አምባ ጊዮርጊስ ያለ አንድ የእህል ነጋዴ በየገበያው የገብሱንና የስንዴውን ዋጋ እንዲጽፍልኝ ለመንሁት፤ ዋጋውን ለማየት ብቻ የሚገባ ገበሬ በዛ። ጥያቄ ሳይመለስ እንዳያድር አደርግ ነበር። የሚያውቅ ሲጠፋ ጤና ጣቢያ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ራሴ እሄድና ጠይቄ እጽፋለሁ። ጥያቄ ያደረበት ግሩፕ እንደ ወና ቤት ነው፤ ሰው ደጃፉ ድረስ መጥቶ ይመለሳል።

ከሁሉ በላይ ግሩፑን ያሳደገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰውን በስሙ መጥራት። ጥያቄውን እጽፍና ከሥሩ ያውቃሉ የምላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ታግ አደርጋለሁ። እኛ አገር በስሙ ተጠርቶ አቤት የማይል ሰው የለም፤ ነውር ነው። የተጠራው ይመጣል፣ ባያውቅ እንኳ የሚያውቀውን ይጠራል፣ ያም ሌላውን። ሰው መልስ ፍለጋ እንደማይመጣ የገባኝ ያኔ ነው። ሲጠየቅ ነው የሚመጣው። የሚጠይቀው አጥቶ የኖረ ስንት ሰው እንዳለ ሳይ እኔም ከፋኝ።

ደስ አላለኝም አልልም። ዳባት ያለች አንዲት እናት የልጇ ትኩሳት አልወርድ ብሎ ስትጨነቅ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ "አሁኑኑ አምጭው" ብላ መልሳላት ልጁ ተርፏል። ያን ቀን በሩን ዘግቼ ብቻዬን አልቅሻለሁ። ነገር ግን ግሩፑ ሲሰፋ ብቻዬን አልችለው አልሁና ሁለተኛ አስተዳዳሪ አስገባሁ። የሥነ ዜጋ መምህር ነው፤ ጎረቤቴ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ከአልጋው ሳይነሣ የሚያየው ምን ያህል አዲስ ሰው እንደገባ ነበር። "ዛሬ ቀዝቅዟል፤ አንድ የሚያሟሙቅ ጥያቄ እንፈልግ" ይለኝ ነበር።

የሚያሟሙቀው ጥያቄ የመጣው በእግሩ ነው። አንድ የገበያ ቀን ካለፈ በኋላ፣ በአካባቢያችን የተከበሩ ሽማግሌ ከነዱላቸው ደጃፌ ላይ ቆሙ። አባቴንም አያቴንም ያውቁ የነበሩ ሰው ናቸው። ወንበር ሰጠኋቸው።

"እንዴት ሰንብተሻል ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል፣ ሥራው እንዴት ነው፣ ወንድምሽ ደኅና ነው?" አሉኝ።

"እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ነን። እርስዎስ እንዴት ነዎት አባቴ?"

"ምን ደኅንነት አለ ልጄ። በቅሎየ ጠፋች። ከነኮርቻዋ ገበያ ዳር ታስራ ሳለ ነው የጠፋችው።" ስልኬን በዱላቸው ጫፍ አመለከቱ። "በዚህ በስልካችሁ ውስጥ የተሰበሰበው ሰው የትየለሌ ነው አሉኝ። የኛ ቀበሌ ልጆችም ሁሉ እዚያ ናቸው አሉኝ።"

"አዎ አባቴ፣ ብዙ ሰው አለ።"

"እንግዲያማ መልካም። እኛማ አውጫጭኝ እንዳንቀመጥ ወጣቱ የለም። ግማሹ ጎንደር ነው፣ ግማሹ መተማ፣ ግማሹ ተራራው ላይ ከፈረንጅ ጋር። እዚያ ከተሰበሰበ እዚያው ይጠየቅ።"

አውጫጭኝ ለማያውቀው እንዲህ ነው። በሬ ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል የአገሩ ሰው አንድ ሳይቀር ሜዳ ላይ ይጠራል። ሽማግሎች ይቀመጣሉ፤ ሰው በተራ እየተነሣ ያየውን የሰማውን ይናገራል። አላየሁም ያለ ምሎ ተገዝቶ ነው የሚቀመጠው። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ደግሞ ለሽማግሎቹ በጆሯቸው ሹክ ይላል፤ "ወፍ ነገረችኝ" ነው የሚለው፤ ወፏ ማን እንደሆነች ለሕዝብ አትነገርም። የቀረ ሰው ይጠረጠራል። አባቴ ተቀምጦበት ያውቃል። ደጉ ነገር ሽማግሎቹ ሰውን ማወቃቸው ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛዋ ወፍ በቂም እንደመጣች ያውቃሉ፤ ያጣራሉ፤ ፊት ያያሉ።

"አባቴ፣ ይህ እኮ ሜዳ አይደለም። ሰው ከሰው አይተያይበትም" አልኋቸው።

"አይተያይም? ታዲያ ፎቶው ምንድር ነው?"

እስቲ እናስብበት ብዬ ሸኘኋቸው። መምህሩ ግን ነገሩን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ባህላችንን ወደ ዘመናዊ ማምጣት ነው አለ። አይሆንም አልሁት፤ ተጨቃጨቅን፤ እኔ ኮፒ ሳነሣ እሱ ጽፎ ለጠፈው። የመሐላውንም ቃል አብሮ አወጣው፤ "አላየሁም፣ አልሰማሁም። አይቼ ብደብቅ ዓይኔን ያጥፋው፣ ሰምቼ ብደብቅ ጆሮዬን ይድፈነው።" ከሥሩ የቀበሌውን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠራ።

እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ይምል ጀመር። ጎንደር ያለው ማለ፣ መተማ ያለው ማለ። የገበያው ሙስሊም ነጋዴዎች በወላሂ ጻፉ። ስልክ የሌላቸው አሮጊቶች ሱቄ ድረስ መጥተው "እኔስ ሳልምል ልቅር?" እያሉ አካውንት አስከፈቱኝ፤ ፎቶ አነሣኋቸው፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው መሐላቸውን ነገሩኝና ጻፍሁላቸው። አንዷ የጻፍሁትን በጣቷ ሳመችው። በቅሎዋን የት አይተዋት፤ ገበያ ከወጡ ስንት ጊዜያቸው። ብቻ ስማቸው ከቀረ ሰው ምን ይለናል ብለው ነው። ግሩፑ በዚያ ሰሞን እንዳደገው ያለ አድጎ አያውቅም። መምህሩ በደስታ ሰክሮ ነበር።

የኔ ወንድም በቅሎ ነጂ ነው። ከኔ በታች የተወለደ፣ እናታችን ስትሞት የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ከነጂዎቹ ማኅበር ተራው ሲደርሰው የቱሪስት ጭነት ጭኖ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው የድንኳን ሰፈር፣ ወደ ሳንቃ በር ይወጣል፤ ከዚያም አልፎ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ዝምተኛ ነው። ገበያ ቀን ሰዎች በቅሏቸውን ከሱ በቅሎ አጠገብ አስረው "እያት" ብለውት ይሄዱ ነበር፤ ያይላቸዋል፤ ይታመን ነበር። በዚያ ገበያም እዚያው ነበረ። በማግስቱ ተራው ደርሶ ጧት ጭነት ይዞ ወጣ። ሳንቃ በር ሰፈሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ጉብታው ላይ ሲወጡ ግን አልፎ አልፎ ይገኛል። እዚያ ሲደርስ ስልኩ ስሙ እንደተጠራ ነገረው። አካውንቱን የከፈትሁለት እኔ ነኝ፤ ጽፎበት አያውቅም ነበር።

አንዲት ቃል ጻፈ። "አላየሁም" አለ። አራት ነጥቡን አስቀመጠና ወደ ሥራው ሄደ።

ከሥሩ ወዲያው ነገር ተቆለለ። "ሙሉውን ጻፍ እንጂ" አለ አንዱ። "መሐላው የት ገባ?" አለ ሌላው። "ምነው አሳጠርኸው?" አለ አብሮት ያደገ ልጅ። ከዚያ ወፎቹ መጡ። የወፍ ፎቶ የለጠፈ፣ ስሙ የማይታወቅ አካውንት፣ "ወፍ ነገረችኝ፤ በማግስቱ በጧት ወደ ላይ የወጣ ሰው በቅሎ ይነዳ ነበር" ብሎ ጻፈ።

በቅሎ ነጂ ምን ሊነዳ ኖሯል? ግመል? እንዲህ ብዬ ጻፍሁ። ወፏን አጠፋኋት። ሌላ ወፍ መጣች። እሷንም አጠፋሁ። መምህሩ ሱቄ ድረስ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አስተዳዳሪ ወገን መያዝ የለበትም። ደግሞ ባጠፋሽ ቁጥር ሰው ይበልጥ ይጠረጥራል" አለኝ። እውነቱን ነበር። በዚያ ሰዓት አንቄ ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድሜ ለምን እንዳልማለ ከኔና ከንስሐ አባቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረምሳ ሳለ ለአንድ ዘመዳችን በድንበር ክርክር ምስክር ሆኖ ምሏል። እውነት መስሎት ነው የማለው፤ ዘመዳችን "እዚህ ድረስ የአባቴ ነው" ብሎ ያሳየውን አምኖ። ሲቆይ ድንበሩ የተገፋ መሆኑን ዐወቀ። የተረታው ጎረቤት ግን በዚያው መሬቱን አጣ፤ ልጆቹን ይዞ አገር ለቀቀ፤ የት እንደደረሰም አልታወቀም። ወንድሜ ፈልጎ አጣው። ንስሐ ገባ፤ ጾመ፣ ሰገደ። ንስሐ አባቱም ከዚያ ወዲያ በሐሰትም ሆነ በእውነት እንዳይምል አዘዙት። ይህን አደባባይ አውጥቶ "ስለዚህ ነው የማልምለው" ቢል ያ ዘመዳችን ሊነሣበት ነው፣ የሞተ ክርክር ሊቀሰቀስ ነው። ደግሞስ ንስሐውን ማን በስልክ ላይ ይናገራል።

ከተራራው ሲመለስ ቤት ጠበቅሁት። ጋቢውን ሳያወልቅ ነገሩን አነሣሁበት።

"ጻፈው፣ ሁለት መስመር ነው" አልሁት።

"አልምልም እታለም።"

"እውነት እኮ ነው። አላየሃትም።"

"በእውነትም አትማል ነው የተባልሁት።"

"እሺ እኔ ልጻፈው። የይለፍ ቃልህ እኔ ዘንድ አለ። አንተ አታየውም፣ አትነካውም።"

እግሩን እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። "በኔ ስም ከጻፍሽው ማን ማለ ይባላል?" አለኝ።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን የሱን አካውንት ከፈትሁ። አሮጊቶቹን ሁሉ እያስማልሁ እጄ የለመደውን ቃል ከፊት እስከ ኋላ ጻፍሁት። መላክ ብቻ ነበር የቀረው። የወንድሜ ፎቶ ከጎኑ አለ፤ እኔው ያነሣሁት፣ ፀሐይ ዓይኑን የወጋው ፎቶ። አየሁት፣ አየሁት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ አጠፋሁት። ዛሬም ድረስ ልክ ሠራሁ ወይስ አልሠራሁም እያልሁ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ልኬው ቢሆን ስሙ በዚያው ቀን ይጸዳ ነበር። እሱ ግን ፊቴን ማየት ይችል እንደነበር አላውቅም።

ከዚያ ያለው ነገር የተሠራው በዝምታ ነው። የበቅሎ ነጂዎቹ ማኅበር "ነገሩ እስኪጣራ" ብሎ ተራውን አለፈው። ወንድሜ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፊት ሄዶ "እንግዲያው ጠይቀኝ" ብሎታል። "እኛ ምን አገባን፤ ነገሩ ያለው ግሩፑ ላይ ነው" አለው። በወሩ የጽዋ ማኅበር ላይ ቀጣዩን ድግስ የሚቀበለው እሱ ነበር፤ ጽዋው አልፎት ከሱ ኋላ ላለው ሰው ተሰጠ። "ሥራ ይበዛብሃል ብለን ነው" አሉት፤ ሥራ የከለከሉት እነሱው ሆነው። ሽማግሌውን መንገድ ላይ አግኝቶ ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ ሲል ትከሻውን ይዘው አነሡት። "ይባርክህ፣ ይባርክህ" አሉትና ዱላቸውን እያስቀደሙ ሄዱ። እዚያው ቆመው ሊጠይቁት ይችሉ ነበር። መንገዱ ባዶ ነበር ብሎኛል።

ያን ክረምት ወንድሜ በቅሎ ማሰሪያው ዘንድ እየሄደ ይቀመጥ ጀመር። ማንም በቅሎውን "እያት" አይለውም፤ አስሮ ወዲያ ወዲያ እያየ ያልፈዋል። ዝናቡ ሲመጣ እንኳ አይነሣም። ምን ትሠራለህ ስለው "ምናልባት የሚጠይቀኝ ሰው ቢመጣ" ይለኛል። ነገሩ የእብድ ነገር ይመስል ነበር። ቤት ሲገባ ልብሱን እሳት ዳር አሰጣለሁ፤ እንፋሎቱ ሲወጣ አያለሁ። ግሩፑ ላይ በዚያ ጊዜ ሰው ስለ ድንች በሽታ ይጠይቃል፤ ተመልሶለታል። ስለ ጎንደር መንገድ ይጠይቃል፤ ተመልሶለታል። ሳይመለስ ያደረ ጥያቄ አልነበረም።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሣር ሊያጭዱ የወረዱ ሰዎች ሊማሊሞ ገደል ሥር የበቅሎ አጥንት አገኙ። ኮርቻው ላይዋ ነበር፤ የተበጠሰው ጠፍር አንገቷ ላይ ነበር። ገበያ ዳር የታሰረችበትን ጠፍር በጥሳ፣ ደንብራ፣ በጭጋግ ገደል ገብታለች። ፎቶው ግሩፑ ላይ ወጣ። ሰው እንደ ጉድ አጋራው። "ተመስገን" ተባለ፤ አንዳንዱ ለበቅሎዋ ነፍስ ይማር እያለ ቀለደ። አዲስ ሰው ገባ። መምህሩ "ጥያቄው ተመልሷል፤ ለተሳተፋችሁ ሁሉ እናመሰግናለን" ብሎ ዘጋው።

ሳይዘጋው በፊት ከሥሩ አንድ ጥያቄ ጽፌ ነበር። "ወንድሜስ?" አልሁ። የበቅሎ ነጂዎቹን ስም፣ የማኅበርተኞቹን ስም፣ የአብሮ አደጎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራሁ። አቤት ያለ የለም። ሲቆይ ከመካከላቸው አንዱ፣ "እኛ እኮ የማንንም ስም አላነሣንም" ብሎ ጻፈ። ወደ ላይ ተመልሼ ሁሉንም አነበብሁት። እውነቱን ነው። ከመምህሩ ጥሪ በቀር፣ ከነወፎቹ አንድም ሰው ስሙን አላነሣም። ይቅርታ የሚጠየቅበት ቃል እንኳ የለም። በዚያው ቀን ከአስተዳዳሪነቱ ወጣሁ። መምህሩ አትውጭ ብሎ ለመነኝ፤ ፊትህን ዓይኔ አያየውም ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ግሩፑ ያለ እኔም አደገ።

ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ የባሰው ገና ነበር። ማኅበሩ ተራውን ያለ አንድ ቃል መለሰለት። ሽማግሌው በሰው "ሰላም በሉልኝ" ብለው ላኩበት። ከነጂዎቹ ጋር ወደ ሳንቃ በር ወጣ። ቀድሞ የሸሹት ሰዎች አሁን እንደ ሙሽራ ያዙት አለኝ፤ ጉርሻ አበዙለት፣ እሳት ዳር ቦታ ለቀቁለት፣ ጭነቱን ተሻምተው አወረዱለት። ወሬ ሲጀምር ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ይተክላሉ። ሲጠረጥሩት ይሸሹት ነበር፤ አሁን ደግሞ አፍረው መሸሻ አጡ። "እንደ ሬሳ ተንከባከቡኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ተራው ሲደርስ አልወጣም። በቅሎውን ሸጠ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ደርሷል፤ ወደዚያ እሄዳለሁ አለ።

ልሸኘው መናኸሪያ የሄድን ጧት ጭጋጉ ከተማውን ደፍኖት ነበር። ረዳቱ "ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ጎንደር" እያለ ይጣራል። ጋቢውን አጣጥፎ በፌስታል ይዞ ነበር፤ ሌላ ዕቃ አልነበረውም። የሚያውቁን ሰዎች በዙሪያችን ነበሩ፤ እያዩን እንዳላዩን ይሆናሉ።

"አንችም እኮ እታለም፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሽኝ አታውቂም" አለኝ።

"ምን ብዬ ልጠይቅህ? እንዳልወሰድሃት ዐውቃለሁ።"

"እሱንማ ዐውቃለሁ። ሁሉም ዐውቆ ነው የጨረሰው። የጠላኝም ዐወቀ፣ የወደደኝም ዐወቀ። የጠየቀኝ ነው የጠፋው።"

ሰዎቹ ወደ መኪናው መግባት ጀመሩ። እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"አሁን ጠይቂኝ" አለኝ።

"ተገኘች እኮ። ገደል ገብታ ነው የተገኘችው።"

"ቢሆንም።"

ስቀልድበት የኖርሁት ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ዓይኖቹን ሳይ ግን ቀልድ አልነበረም። በረደኝ። ነጠላዬን አስተካከልሁና፣ በዙሪያችን ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ወንድሜ፣ የሰው በቅሎ ወስደሃል?" አልሁት።

ትክ ብሎ አየኝ። "አልወሰድሁም" አለ።

ሌላ ምንም አልጨመረበትም። እኔም አላስጨመርሁትም። "አመንሁህ" አልሁት። ጉንጬን ስሞኝ ገባ፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋው። ከመተማ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሚኒባሱ ጭጋጉ ውስጥ ሲጠፋ እዚያው መናኸሪያው መሐል ቆሜ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ቆመው ነበር፤ ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።